ተሸናፊ አይነሳም፦ ስለ ካርት ጨዋታ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ስድስት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ "ይሄ አንተን ነው" ብሎ የሳቅ ምልክት ጨምሮበታል። አልተሳሳተም። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። አራት ቴሌቪዥን አለው። ሦስቱ ላይ ፊፋ ነው። (ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፤ እኛ ግን ዛሬም ፊፋ ነው የምንለው።) አራተኛው ላይ ማሪዮ ካርት የሚባል፣ በትንንሽ መኪና (በካርት) የሚሽቀዳደሙበት የቪዲዮ ጨዋታ አለ። ጽሑፉ ያብጠለጠለው ያንን አራተኛውን ነው። እንጀራዬ ነውና የምለውን ትንሽ ቀንሳችሁ ስሙኝ።

ጸሐፊው ምን አሉ? ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። የካርት ውድድር ጨዋታ ችሎታ ሳይሆን ዕድል ነው ይላሉ፤ ኋላ የቀረውን ሸልሞ ፊት ያለውን ይቀጣል። ሁለተኛ፣ ካርቱኑን ያየ ሁሉ እንደሚረዳው የሕፃን ጨዋታ ነው፤ አዋቂ የሚቀመጥበት አይደለም። ሦስተኛ፣ ልጆችን ተንኮልና ያበደ አነዳድ ያስተምራል። አራተኛ፣ ለእኛ አገር አይሆንም፤ ውድ ነው፣ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ቤተሰብ አብሮ የሚጫወተው" የሚባለው የማስታወቂያ ወሬ ነው ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ቀልዱ እኔንም አስቆኛል። ግን ጸሐፊው ጨዋታውን ከጀርባ ቆመው ያዩት እንጂ ተቀምጠው የተጫወቱት አይመስለኝም።

ከዕድሉ ልጀምር፤ ትልቁ ክስ እሱ ነው።

ያነሱት ምሳሌ እውነት ነው። ሦስት ዙር ሙሉ አንደኛ ሆነህ ትነዳለህ። ማብቂያው መስመር ሲታይህ ሰማያዊዋ ኤሊ (ኋላ የቀረ ሰው አንደኛውን ለመምታት የሚለቃት መሣሪያ ናት) ከኋላ ትመጣና አናትህ ላይ ትፈነዳለች። ቆመህ ስትሽከረከር ሦስት ሰው ያልፍሃል። አራተኛ ትወጣለህ። "ይህ ፍትሕ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ ጸሐፊው። አይደለም። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ቀን ጆይስቲኩን ወርውሬ ወጥቻለሁ። የራሴ ጆይስቲክ መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ሰማያዊዋ ኤሊ የመጣችው በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በወጣው ማሪዮ ካርት 64 ላይ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያልረገማት ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። ይህችን ለጸሐፊው ለቅቄያለሁ።

ግን በአንዲት ኤሊ ጨዋታው ሁሉ ዕድል ነው አይባልም። አሠራሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ሳጥኖች አሉ። ስትነካቸው አንድ ዕቃ ይሰጡሃል። ምን እንደሚደርስህ ግን በዘፈቀደ ብቻ አይወሰንም። በ2014 ወጥቶ በ2017 ስዊች ለሚባለው የኔንቲዶ ማሽን በታደሰው ማሪዮ ካርት 8 ላይ፣ ጨዋታው የሚያየው ከአንደኛው ምን ያህል እንደራቅህ ነው። ፊት ከሆንክ የሙዝ ልጣጭ፣ ሳንቲም፣ አረንጓዴ ኤሊ ይደርስሃል። እጅግ ወደኋላ ከቀረህ ኮከብ፣ መብረቅ፣ ወይም ራሱ እየነዳ ብዙ ሰው የሚያሳልፍህ ጥይት ታገኛለህ።

አሁን የሚችለውን ልጅ እዩት። ሙዙን አይጥለውም። ከኋላው ይዞት ይነዳል፤ ቀይ ኤሊ ብትመጣ ሙዙ ይቀበላታል። ለአፍታ ፍጥነት የሚጨምረውን እንጉዳይ ካገኘ ወዲያው አይበላውም። ሰማያዊዋ መጥታ አናቱ ላይ ስትንዣብብ፣ ልትወርድ ስትል በእንጉዳዩ ይፈተለካል፤ ኤሊዋ ባዶ መሬት ትመታለች። ጥሩምባ የደረሰው ደግሞ ነፍቶ ይሰባብራታል። ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ይገባል፤ ከጎማው ሥር ብልጭታ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከቆየ ወይን ጠጅ። በቆየ ቁጥር ሲለቀው የሚወነጨፍበት ጉልበት ይጨምራል። አነሳሱ ራሱ ችሎታ ነው። ቆጠራው ሁለት ላይ ሲደርስ ነዳጁን የረገጠ እንደ ሚሳኤል ይወጣል። ቀድሞ የረገጠ ጭስ አጭሶ ይቀራል።

ግድግዳዬ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች። በየሳምንቱ ማን ስንት ውድድር እንደበላ በጠመኔ እንጽፋለን። ዕድል ቢሆን ኖሮ ስሞቹ በተፈራረቁ ነበር። አይፈራረቁም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለ፤ ፈተና ካልደረሰበት በቀር ከላይ የሚወርደው የለም። አንድ ውድድር ኤሊዋ ትበላዋለች። አሥር ውድድር ግን አትበላውም።

ይህም ካላሳመነ ብቻህን ከሰዓት ጋር የምትሽቀዳደምበት ክፍል አለ። ሳጥን የለም፣ ኤሊ የለም። ለሁሉም ሰው እኩል ሦስት እንጉዳይ ይሰጣል፣ በቃ። በ1992 በወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሳይቀር፣ ሰዎች ዛሬም በሰከንድ ክፍልፋይ ክብረ ወሰን ይሰባበራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዕድል ክብረ ወሰን አይሰበርም።

ታዲያ ኋላ የቀረውን ለምን ያግዙታል? ጸሐፊው እዚህ ጥያቄ ደጃፍ ደርሰው ነው የተመለሱት። እኔ መልሱን የማየው ከፊፋ ወንበሮች ነው። የጌም ቤት ሕግ የታወቀ ነው፤ ተሸናፊ ይነሳል። አንዳንዴም ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለት ይጫወታሉ፣ ስምንት ቆሞ ይጠብቃል። አራት ለዜሮ የተመራ ልጅ ሁለተኛውን አጋማሽ እየተጫወተ አይደለም። ዓይኑ በር ላይ ነው። ጓደኛው ከኋላ "በቃ፣ ልቀቅ" ይለዋል። ሕጉ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ለማይችል ሰው ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም።

የካርት ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የተጨነቁት ለዚያ ለሁለተኛ የማይመጣው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ጥይት የሚሰጠው አንደኛ እንዲወጣ አይደለም። ከአሥራ ሁለተኛ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ይደርስና ጥይቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ መንዳት አለበት። ግን ሰው መሃል ገብቷል። መንጫጫት ጀምሯል። ወንበሩን አይለቅም።

ይህ ከጃፓን የመጣ ጉድ አይደለም። ልጅ ሆነን የኩሽኔታ መኪና እንሠራ ነበር። ጣውላ፣ ሚስማር፣ ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ቁልቁለት ለማግኘት ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ መሄድ ነበረብን። ወፍራሙ ልጅ ሁሌ ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ክብደት ይስባል። ስለዚህ ትንሹን ልጅ ከፊት እናስነሳዋለን፤ ወይም አንድ ሰው ገፍቶ ይለቀዋል። ያን ካላደረግን ትንሹ ልጅ ያኮርፋል። ኩሽኔታው ደግሞ የእሱ አባት ጋራዥ ነው የሚመጣው። ማናችንም ፍትሕ ተጓደለ አላልንም። (ማሪዮ ካርትም ላይ ከባዶቹ ገጸ ባሕርያት ፍጥነታቸው ይበልጣል፤ ቀላሎቹ ቶሎ ይነሳሉ። ከእኛ የሰሙ ነው የሚመስለው።)

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። "የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ካርቱኑን ማየት ይበቃል" ይላሉ።

አጀማመሩን እንይ። በ1990 የጃፓኑ ኩባንያ ኔንቲዶ ኤፍ ዜሮ የሚባል የፍጥነት ጨዋታ አወጣ። አንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው፣ ረጃጅም ቀጥ ያለ መንገድ ያለው። ከዚያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚወዳደርበት እንሥራ አሉ። ዳይሬክተሮቹ ታዳሺ ሱጊያማና ሂዴኪ ኮንኖ ነበሩ፤ ፕሮዲውሰሩ ሺገሩ ሚያሞቶ። ስክሪኑን ለሁለት ሲከፍሉት የዘመኑ ማሽን ያንን ሁሉ ፍጥነትና ረጅም መንገድ መሸከም አቃተው። መንገዱን አጠማዘዙት፣ አሳጠሩት። ለጠመዝማዛ ትንሽ መንገድ የሚስማማው ደግሞ ትንሽ መኪና ነው፤ ካርት። ካርቱ የመጣው ከዚህ ችግር እንጂ "ለሕፃን ምን እንሥራ" ከሚል አይደለም።

የኔንቲዶው ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ማሪዮም ቢሆን መጀመሪያ አልነበረም። ሲሞክሩት የሚነዳው ስም የሌለው ቱታ የለበሰ ሰውዬ ነበር። ችግሩ በዚህ ጨዋታ ሹፌሩን የምታየው ከጀርባው ነው፤ የሌላውም ሰው መኪና ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው። ማን ማን እንደሆነ ባንድ እይታ መለየት አለብህ። ማሪዮን አስቀምጠው ሲያዩት አማረባቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቀይ ኮፍያ፣ አረንጓዴ ኮፍያ፣ ትልቅ ጎሪላ፣ ሮዝ ቀሚስ። ስክሪን ለአራት ተከፍሎ የእጅ መዳፍ በምታክል ማዕዘን ውስጥ ራስህን ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እውነተኛ የውድድር መኪናዎችን አራት ቦታ ክፈሉና የማን የማን እንደሆነ ለዩ እስቲ።

ስለ አስቸጋሪነቱም ቢሆን፣ ያው ጨዋታ የፍጥነት ደረጃው ከ50 ሲሲ ይጀምርና 200 ሲሲ ይደርሳል። 50 ላይ የስድስት ዓመት ልጅ ይነዳል። 200 ላይ ፍሬን ካልያዝክ ኩርባው አይወጣም። "የሕፃን ነው" የሚል አዋቂ ሲመጣ 200 ላይ ነው የማስቀምጠው። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን። የስዊቹ ጨዋታ መሪውን የሚያግዝ ነገር አለው፤ ከመንገድ እንዳትወጣ ይይዝሃል። ከፈለግክ ነዳጁንም ራሱ ይረግጥልሃል። ለጀማሪ ግሩም ነው። ግን ሳይታወቅህ ተከፍቶ ይቆይና የጫካ አቋራጭ ልትገባ ስትል አንዳንዱን ይከለክልሃል። ሲበራ ከመኪናው ኋላ ትንሽ አንቴና ትታያለች። እኛ ቤት ልጆቹ እሱን ማጥፋት የረሳን ሰው "አንቴና" ነው የሚሉት። የዚያ ሰው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ቢነገር ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ክስ ብዙ አያቆየንም። ሙዝ መጣል ተንኮል ነው ከተባለ ሉዶስ? ቤቱ በር ላይ የደረሰን ጠጠር በልተህ ወደ መነሻው የምትመልሰው አይደለህም? ገበጣስ? ገና ላይ ቅልጥም ሲመታ የኖረው ማን ነው? አባቶቻችን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ያሉት አውቀው ነው። ጨዋታ ላይ ጌታውም ሎሌውም ዱላ ያነሳል፤ ሲያልቅ ዱላው ይቀመጣል። ልጅ ይህን አይስትም። እኔ ቤት እህቱን በመብረቅ መትቶ ትንሽ ያደረጋት ልጅ፣ ሲወጡ ቦርሳዋን ይዞላት ነው የሚሄደው። የእኛ የባጃጅ ሹፌሮች አነዳድን በተመለከተ ደግሞ፣ ከማሪዮ በፊትም እንደዚሁ ነበር።

ዋጋው ላይ ጸሐፊው አብዛኛውን ልክ ናቸው። በ2025 ከስዊች 2 ጋር የወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ አሜሪካ ውስጥ 80 ዶላር ነው፤ ማሽኑ ሳይቆጠር። የእኔው አሮጌ ስዊች እንኳን የመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ተጨማሪ ጆይስቲኮቹን ሌላ ዘመድ እስኪመጣ ወራት ጠብቄያለሁ። ሁሉም ቤት ይግዛው የምል ሰው አይደለሁም።

ግን "ለእኛ አገር አይሆንም" የሚለው ከዚህ አይከተልም። የካርት ውድድር ማለት ማሪዮ ብቻ አይደለም። በ2019 በአዲስ መልክ የወጣው የክራሽ ካርት ውድድር ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይሠራል፤ ስክሪን ለአራት ከፍሎ። ፕሌይስቴሽን 4 የሌለው ጌም ቤት ደግሞ ስንት ነው? ሱፐርተክስካርት የሚባል ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ጨዋታም አለ። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድሮይድ ስልክም ላይ ይከፈታል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ውበቱ እንደ ማሪዮ አይደለም፣ አልዋሽም። ግን ሙዝ አለው፣ ኩርባ አለው፣ መንጫጫት አለው።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ጸሐፊው ተሳስተዋል። አንድ ቴሌቪዥን ፊት አራት ሰው ለመወዳደር ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኔ ቤት ዋይፋይ የለም። እስከ ስምንት ስዊች ጎን ለጎን አድርጎ ያለ ኢንተርኔት ማገናኘትም ይቻላል። ስምንት ስዊች ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

መብራቱን ከመጨረሻው ነጥብ ጋር ባነሳው ይሻላል፤ ባንድ ቀን ነው ሁለቱንም ያየሁት።

"ቤተሰብ አብሮ አይጫወትም፤ ሁሉም በየስልኩ ነው" ይላሉ። በቁጥር ብንሄድ፣ ማሪዮ ካርት 8 ለስዊች ብቻ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ስዊቹ ራሱ የተሸጠው ከ150 ሚሊዮን በላይ ነው። ብዙ መሸጥ ጥሩ መሆንን አያሳይም፣ ይህን ጸሐፊው ከእኔ በፊት ያሉት ይመስለኛል። ግን ይህን ያህል ሰው ሕፃን ብቻ አይደለም። ብቻውን የሚቀመጥም ብቻ አይደለም።

ቁጥሩን ተዉት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ይዞ መጣ። አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ሲመለሱ ነው። እማማ መግባት አልፈለጉም ነበር። "ይሄ የወጠጤ ቤት ነው" አሉ፤ ፊፋዎቹ ጋ ያለውን ጩኸት ሰምተው። ትንሿ ልጅ እጃቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። አራተኛ ጆይስቲክ ተሰጣቸው። ነዳጁን ራሱ እንዲረግጥ አደረግኩላቸውና አንቴናቸውን አበራሁ። ገጸ ባሕርይ ምረጡ ሲባሉ ጎሪላውን መረጡ። "ይሄ ይሻለኛል፣ ጠንካራ ነው" አሉ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ወደ ቀኝ ሲሏቸው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። አንቴናው ባይኖር ሐይቅ ውስጥ ነበሩ። ልጁ ሊያሳያቸው አጠፋው፤ ወዲያው ገደል ገቡ። ደመና ላይ የተቀመጠው መነጽራሙ ኤሊ በመንጠቆ አውጥቶ መንገዱ ላይ አስቀመጣቸው። "ዓሣ አደረገኝ እኮ!" ብለው ሳቁ። ፊፋዎቹ ጋ ያሉት ሳይቀሩ ዞሩ። አሥራ ሁለተኛ ናቸው። ሳጥን ነኩ፣ ጥይት ሆኑ። ልጃቸውን፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ የሚነዳውን ሰው፣ በጎኑ ሲያልፉት "ዞር በል አንተ" አሉት።

ሁለተኛው ዙር ላይ መብራት ሄደ።

ሦስቱ ፊፋዎች ጠፉ። አንዱ ሦስት ለአንድ ይመራ ስለነበር ጭቅጭቁን ተዉት። እኔ ስዊቹን ከመቀመጫው አወጣሁና ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ባትሪ አለው፤ ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ። ስክሪኑ ግን 6.2 ኢንች ናት፤ እሷም ለአራት ተከፍላለች። አራት ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ከፊፋ የተነሱት ከኋላ ቆመው በስልካቸው መብራት ያበራሉ፤ ስክሪኑ ብርሃን እንዳለው የነገራቸው የለም።

እማማ መነጽራቸውን አላመጡም። አጎንብሰው ፈለጉ። "የቱ ነኝ እኔ? የቱ ነኝ?" ከዚያ ጣታቸውን ታችኛዋ ማዕዘን ላይ አሳረፉ። "ይኸው፣ ጦጣዬ!" ጎሪላ ነው ብሎ ያረማቸው የለም። ከጀርባው ነው ያወቁት።

ዘጠነኛ ወጡ። የልጅ ልጃቸው አንደኛ፣ ልጃቸው አምስተኛ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዙሪያውን አዩ። ያን ሁሉ ጊዜ ከፊፋ በኩል ሲጮህ የሰሙት ነገር ትዝ ብሏቸው ይመስለኛል።

"እና አሁን ማን ነው የሚነሳው?"

"ማንም አይነሳም እማማ" አለች ትንሿ። "ገና ሦስት መንገድ ይቀረናል።"